ተጫዋቹ ተሰናብቶም ደመወዙ ለምን ይከፈላል?

ቤዝቦል የምትከታተሉ ይህን ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁ ላስረዳ። በአሜሪካው ሜጀር ሊግ የተፈረመ ደመወዝ በጥቅሉ ዋስትና አለው። ክለቡ ተጫዋቹ አቅሙ ስለደከመ ብቻ ቢያሰናብተውም ቀሪውን ይከፍላል።

አልበርት ፑሆልስን እንይ። በፈረንጆቹ 2011 መጨረሻ ከኤንጅልስ ክለብ ጋር ለ10 ዓመት በ240 ሚሊዮን ዶላር ሲስማማ 31 ዓመቱ ነበር። ድንቅ ተጫዋች ነበር፤ ዕድሜ ግን ለማንም አይራራም። በውሉ የመጨረሻ ዓመት፣ በሜይ 2021 ተሰናበተ። የዓመቱ ደመወዙ 30 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዶጀርስ የተባለው ሌላ ክለብ ሲወስደው የሊጉን ዝቅተኛ ክፍያ ብቻ ከፈለ፤ የቀረው በኤንጅልስ ላይ ወደቀ። ለእኔ ትልቁ አደጋ የውሉ ርዝመት ነው፤ መጨረሻው ላይ የሚከፈለው ላለፈ ጉብዝና ይሆናል።

ከውል ውል የሚለያየው የክፍያው ጊዜና ተጫዋቹ ውሉ ሳያልቅ የመውጣት መብት ያለው መሆን አለመሆኑ ነው።