የሽንት ቤት ፍሎተር ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ቤት ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በመጣ ቀን ሮቶው ይሞላል፤ እስከሚቀጥለው ተራ በሱ እንቆያለን። አንድ ሰሞን ግን በሁለተኛው ቀን ባዶ ሆነ። ቧንቧዎቹን ዞረን አየን፤ እርጥብ ቦታ የለም። ነገሩን የደረሰችበት እናቴ ናት። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ሽንት ቤቱ "ሽሽሽ" ይልና ዝም ይላል። ማንም ውሃ አልለቀቀም።

ፍሎተር ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ኋላ ባለው ትንሽ የውሃ ታንከር ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ነው። ውሃው ሲጎድል አብሮ ይወርድና መግቢያውን ይከፍታል፤ ሲሞላ ተነስቶ ይዘጋዋል። ሳይነካ ድምፅ ካሰማ ወይ ራሱ አልዘጋም፣ ወይ ውሃው ከታች እያመለጠ ነው።

ክዳኑን አንሱና እዩ። ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ የትርፍ ውሃ ቱቦ አለ። ውሃው በቱቦው አፍ እየገባ ከሆነ ጥፋቱ የፍሎተሩ ነው። ማስተካከያውን አዙራችሁ ውሃው ከአፉ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም አድርጉ። እምቢ ካለ ይቀየራል።

የኛ ውሃ ግን ከቱቦው አፍ በታች ነበር። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ታንከሩ ውስጥ ጨመርንና ለግማሽ ሰዓት ማንም እንዳይጠቀም አደረግን። ስንመለስ ነጩ መቀመጫ ላይ ቀጭን ሮዝ መስመር ወርዷል። ጥፋቱ ውሃውን ከታች የሚዘጋው ጎማ ነው ማለት ነው።

ወደ ታንከሩ የሚገባውን ውሃ ዘጋን፤ ያለውን ለቀቅን፤ ከዚያ መልቀቂያውን ሩብ ዙር አዙረን አወጣነው። ከሥሩ ባለው ቀለበት ጎማ ላይ ደቃቅ አሸዋ ተለጥፏል። ተቋርጦ የሚመጣ ውሃ ደለል ይዞ ይመጣል፤ አንዲት ጠጠር ጎማውን ካነሳችው በቃ። ጎማውንም የሚያርፍበትንም በጨርቅ ጠረግን፤ ድምፁ ጠፋ። ጎማው ደርቆ ወይም ተጣሞ ከሆነ ግን አሮጌውን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ፤ መጠኑ ይለያያል።

"ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" ይባል የለ? በ10 ደቂቃ ሩብ ሊትር፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ቢያመልጥ በቀን 36 ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ሊሞላ 4 ሊትር ብቻ ቀረው። ፈረቃ ለሚጠብቅ ቤት ይህ የልብስ ማጠቢያ ውሃ ነው።

ታንከሩ ከውጭ፣ ብሎኖቹ አካባቢ ከረጠበ ሌላ ጉዳይ ነው። በሶፍት አድርቁትና መጀመሪያ የቱ ጋ እንደሚረጥብ ጠብቁ። ብሎኑን በእጅ እስኪበቃው ብቻ አጥብቁ፤ ከመጠን ካለፈ ሸክላው ይሰነጠቃል።