እምብዛም የማይታወቁ ብሔራዊ ፓርኮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ብሔራዊ ፓርክ ሊጎበኝ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስማቸው የገነነውን፣ እነ የታንዛኒያውን ሴሬንጌቲንና የአሜሪካውን የሎውስቶንን ነው። ስለ ሌሎቹ የሚነገረው ግን በአመዛኙ ግምት በመሆኑ፣ ጎብኚውን ከጉዞው ያስቀረዋል፤ አለዚያም ሳይዘጋጅ እንዲሄድ ያደርገዋል።

«ዝነኛ ያልሆነው የሚታይ ነገር ስለሌለው ነው» የሚለው ከሁሉም የከፋው ስሕተት ነው። የአንድ ፓርክ ዝና የሚመጣው ከተፈጥሮ ሀብቱ ብቻ ሳይሆን ከመንገዱ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው፣ ከሆቴሎቹና ከአካባቢው ሰላም ጭምር ነው። በደቡብ ሱዳን የሚገኙት የቦማና የባዲንጊሎ ብሔራዊ ፓርኮች ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። በ2023 እ.ኤ.አ. ፓርኮቹንና አካባቢያቸውን ከአየር ላይ በመቃኘት በተካሄደ ቆጠራ፣ በዚያ የሚዘዋወሩት ነጭ ጆሮ ቆርኬዎችና ሌሎች የቆርኬና የሚዳቋ ዘመዶች ወደ 6 ሚሊዮን እንደሚጠጉ ተገምቷል፤ ይህም በሴሬንጌቲና በማሳይ ማራ መካከል ከሚደረገው ዝነኛ ፍልሰት በእጅጉ ይበልጣል። ዓለም ሳያውቀው የቆየው ለዓመታት በዘለቀው ጦርነት ምክንያት እንጂ የሚታይ ስለጠፋ አይደለም። በኢትዮጵያው ነጭ ሳር ፓርክም ተመራማሪዎች በ1990 እ.ኤ.አ. መንገድ ላይ ካገኙት አንድ ክንፍ ተነሥተው፣ በሌሊት ነፍሳትን የምታድን አንዲት ወፍ አዲስ ዝርያ መሆኗን በ1995 እ.ኤ.አ. አሳውቀዋል። እንዲህ ያለ ግኝት የሚጠብቀው ብዙ ባልተረገጠ ምድር ነው።

«ትንንሽ ናቸው» የሚለውን ለመመለስ አንድ ምሳሌ ይበቃል፤ ከዓለም ብሔራዊ ፓርኮች ሁሉ ትልቁ፣ 972,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው የሰሜን ምሥራቅ ግሪንላንድ ፓርክ፣ ስሙን እንኳ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

«ሰው ስለማይበዛበት አራዊቱን በቀላሉና በቅርበት እናያለን» ብለው የሚጠብቁም አሉ። እውነታው ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። መኪና በየቀኑ በሚመላለስበት ፓርክ አንበሳው ጎብኚን ከቁም ነገር አይቆጥርም፤ ሰው እምብዛም በማይደርስበት፣ በተለይም አደን በነበረበት ቦታ ግን አራዊቱ የሞተር ድምፅ ገና ከሩቅ ሲሰሙ ይሸሻሉ። ስለዚህ ለአንድ ቀን ደርሶ ከመመለስ ይልቅ ሰንበት ብሎ፣ ማለዳና ማምሻ ላይ በትዕግሥት መጠበቅ ይሻላል።

ወጪን በተመለከተ፣ የመግቢያ ክፍያው ዝቅ ሊል ቢችልም ተሽከርካሪውን፣ ነዳጁንና ስንቁን ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር ተጋርቶ መክፈል ስለማይቻል፣ ጉዞው በድምሩ ከዝነኛው ፓርክ ሊወደድ ይችላል።

«በማንኛውም ጊዜ መሄድ ይቻላል» ማለትም አያዋጣም። በታንዛኒያው ካታቪ ፓርክ በደረቁ ወቅት ወንዙ ሲያንስ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጉማሬዎች በቀረችው ኩሬ ውስጥ ተጨናንቀው ይታያሉ፤ በዝናብ ወቅት ግን መንገዶቹ ጭቃ ይሆናሉ፣ ብዙ የማረፊያ ካምፖችም ይዘጋሉ። በአሜሪካ ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ያለው የአይል ሮያል ደሴት ፓርክ ደግሞ በረዷማውን የቅዝቃዜ ወቅት ሙሉ ለጎብኚ ዝግ ነው።

«ችግር ቢገጥመን ስልክ እንደውላለን» የሚለው እምነት ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። በአላስካ የሚገኘው ጌትስ ኦፍ ዘ አርክቲክ ፓርክ አንድም መንገድ፣ የተበጀ የእግር ዱካ እንኳ የለውም። በእንዲህ ዓይነት ስፍራ የስልክ ሞገድ ስለማይገኝ የወረቀት ካርታ፣ ትርፍ ውኃ፣ መኪና በሚገባበትም ትርፍ ጎማ፣ ከተቻለም በሳተላይት የሚሠራ መገናኛ መያዝ፣ እንዲሁም የሚሄዱበትን አቅጣጫና የሚመለሱበትን ቀን ለፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ለቤተሰብ ማሳወቅ ግዴታ ሊሆን ይገባል። አካባቢውን የሚያውቅ መሪ ወይም የፓርኩ ስካውት (ጠባቂ) ይዞ መግባትም እንደ ትርፍ ወጪ ሊታይ አይገባም።

በመጨረሻ፣ «ፓርኩ እንዳይጎዳ ስሙን አለማንሣት ነው» የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ፤ ሐሳባቸው በከፊል ትክክል ነው። ነገር ግን አዳኝ ዝናን አይጠብቅም። በቻድ የዛኩማ ፓርክ በ2002 እ.ኤ.አ. ከ4,000 በላይ የነበሩት ዝሆኖች በ2010 እ.ኤ.አ. ወደ 450 ገደማ ሲወርዱ፣ ፓርኩን የሚያውቅ ጎብኚ እጅግ ጥቂት ነበር። ቁጥሩ ማገገም የጀመረው ጥበቃው ሲጠናከር ነው፤ ጥበቃ ደግሞ ገንዘብ፣ የነዋሪውን ድጋፍና የሚቆረቆር ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ የፓርኩን ስም መናገር ይጠቅማል፤ በይፋ ሊነገር የማይገባው የብርቅዬ ወፎች ጎጆ፣ የአራዊት መውለጃና የብርቅዬ ዕፅዋት መብቀያ ትክክለኛ ቦታ ነው።