ኮዱ ክፍት ነው፤ ዜናውስ የማን ነው?

የኦፕን ሶርስ (ክፍት ሶፍትዌር) ፕሮጀክትን ኮድ ማንም ሰው አንብቦ፣ አሻሽሎ መልሶ ማሰራጨት ይችላል። ከኮዱ ጎን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዜና ገጽ አለ። አዲስ ስሪት ወጣ፣ ይህ ስህተት ታረመ፣ ቅዳሜ እንገናኝ የሚሉ ጽሑፎች የሚወጡት እዚያ ነው። መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከክፍል ወይም ከቢሮ ሲወጡ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ተገናኝተው ላፕቶፕ ይከፍታሉ። ኮድ የሚጽፍ አይጠፋም። ዜናው ግን ጊዜ ለተረፈው ሰው ይተዋል።

ጣጣው የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ኮዱ የሁሉም ስለሆነ ገጹ ላይ ያለው ሁሉ የሁሉም ይመስላል። አይደለም። ጂፒኤልና ኤምአይቲ የሚባሉት የኮድ ፈቃዶች የተጻፉት ለሶፍትዌር ነው። ለጽሑፍና ለምስል የተለመዱት የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ የወጡት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ያወጣቸው ድርጅት ራሱ ፈቃዶቹን ለሶፍትዌር አትጠቀሙባቸው ብሎ ይመክራል። ስለዚህ አንድ ፕሮጀክት ለኮዱ አንድ፣ ለዜናው ሌላ ፈቃድ ቢይዝ ትክክል ነው። ሁለቱንም በግልጽ መጻፍ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

በአገራችን የሚገዛው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ጥበቃ ለማግኘት ምዝገባ አያስፈልግም። ሥራው ወጥ፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳ፣ ከሆነና ተጽፎ ወይም ተቀርጾ ከተቀመጠ በቃ። የጸሐፊው የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ሥራውን የማባዛትና የመሸጥ መብቱ፣ በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሐሳብና እንዲሁ መረጃ ግን ጥበቃ የላቸውም። ለዜና ጸሐፊ ትልቁ ነፃነት ይህ ነው። አንድ ጋዜጣ ስለ አዲስ የአማርኛ ኪቦርድ ከጻፈ፣ ኪቦርዱ መውጣቱን እኛም በራሳችን ቃል መጻፍ እንችላለን። የጋዜጣውን አንቀጾች እንዳሉ አንሥቶ መለጠፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

«ምንጭ ጠቅሻለሁ እኮ!» የሚለው መልስ ከተማችን ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። ከፎቶ ሥር «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» የሚል ጽሑፍ ያላየ ሰው አለ? ኢንተርኔት ፎቶ አያነሣም። ያነሣው ሰው ነው። ምንጭ መጥቀስ ተገቢ ነው፤ ፈቃድን ግን አይተካም። አዋጁ የሚፈቅደው ለዓላማው በሚበቃ መጠን መጥቀስን ነው፤ ያውም ከምንጩና ከጸሐፊው ስም ጋር።

ትርጉም ላይም ሰው ይሳሳታል። ብዙው የቴክኖሎጂ ዜና ከእንግሊዝኛ የሚመጣ ነው። ተርጓሚው ስለለፋበት የራሱ ይመስለዋል። ነገር ግን የማስተርጎም መብት የባለቤቱ ነው። ጽሑፉ «በተመሳሳይ ፈቃድ አጋሩ» የሚል የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ካለው፣ የአማርኛው ትርጉምም በዚያው ፈቃድ ይወጣል። «ለውጥ አይፈቀድም» የሚል ከሆነ ደግሞ ትርጉሙን ማሰራጨት አይቻልም።

የመሥሪያ ቤት ነገርም አለ። ተቀጣሪ በሥራው የጻፈው ጽሑፍ፣ ሌላ ውል ከሌለ፣ ባለቤቱ አሠሪው ነው። ቀን ለቢሮ የጻፈውን ማታ ለፕሮጀክቱ የሚያመጣ ሰው መጀመሪያ አለቃውን መጠየቅ አለበት።

ፎቶ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ላይ አንዱ ስልኩን ለሌላው ሰጥቶ «አንሣን» ይላል እንበል። መብቱ የባለስልኩ ሳይሆን ያነሣው ሰው ነው። የተነሡትንም ማሰብ ያስፈልጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል፤ ለሕዝባዊ ስብሰባና ለመሳሰሉት ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም።

ጥሩ አያያዝ ያላቸው ፕሮጀክቶች እያንዳንዱን ዜና በጊት፣ የፋይል ለውጦችን በሚመዘግበው መሣሪያ፣ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ማን አረመው የሚለው አይጠፋም። ፋይሉ አናት ላይ የጸሐፊው ስም፣ የጽሑፉ ፈቃድና የፎቶው ባለቤት ይጻፋሉ። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ሠሪዎች «ይህን የማቅረብ መብት አለኝ» ብለው በስማቸው ይፈርማሉ፤ ለዜናም ቢሆን የሚያስቀና ልማድ ነው። እኛ ጋ ቀኑና ሰዓቱም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። «በ9 ሰዓት እንገናኝ» የሚለውን ዜና ውጭ አገር ያለ ተሳታፊ ጠዋት አድርጎ ያነበዋል። ሁለቱንም አቆጣጠር መጻፍ ይሻላል።

ከባዱ ነገር ፈቃዱን በኋላ መቀየር ነው። ፕሮጀክቱ መብቱን ከጸሐፊዎቹ በጽሑፍ ካልተረከበ እያንዳንዳቸውን መጠየቅ ይኖርበታል። አንዱ ስልኩን ቀይሯል፣ ሌላዋ አገር ለቃለች፣ አንዱ የጻፈው በቅጽል ስም ነው። ያልተገኘ ሰው ጽሑፍ ወይ በቀድሞው ፈቃድ ይቆያል፣ ወይ ይነሣና ሌላ ሰው እንደ አዲስ ይጽፈዋል።