ታብ ቁልፍ ወዴት ይወስዳል?

በአንድ መስኮት ላይ ብዙ የጽሑፍ ሳጥኖችና አዝራሮች ቢኖሩም፣ ከቁልፍ ሰሌዳ የምንጽፈውን በአንድ ጊዜ የሚቀበለው አንዱ ብቻ ነው። ይህ ባለተራነት ፎከስ ይባላል። ታብ ቁልፍ ተራውን ወደሚቀጥለው ያሻግራል፤ ሺፍትና ታብ አንድ ላይ ሲጫኑ ወደ ኋላ ይመልሱታል።

በድረ ገጽ ሥራ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው፣ ለአንድ የገጹ ክፍል (ለሳጥን ወይም ለአዝራር) የታብ ተራውን ለመወሰን በኮዱ ውስጥ የሚሰጠው ታብኢንዴክስ የሚባለው ቁጥር ነው። 0 ማለት "መጀመሪያ" ማለት አይደለም፤ ክፍሉ በኮዱ ውስጥ በተጻፈበት ቦታ ተራውን ይጠብቃል ማለት ነው። -1 ደግሞ ክፍሉን አይዘጋውም፤ ታብ ይዘለዋል እንጂ በመዳፊት ጠቅታ ወይም በፕሮግራም ትእዛዝ ፎከስ ሊያገኝ ይችላል። መዘዝ የሚያመጡት ከ0 በላይ የሆኑት ናቸው። ስም፣ ስልክና አድራሻ በሚጠይቅ ቅጽ ላይ "ላክ" ለሚለው አዝራር ብቻ 1 ብትሰጡት፣ ታብ ገና ስም ሳይሞላ በቀጥታ ወደ አዝራሩ ይሄዳል፤ ከ0 በላይ ያለው ሁልጊዜ ከ0 ይቀድማልና። ከ0 በላይ የሆኑትን ቁጥሮች ጨርሶ ተዉአቸው፤ ቅደም ተከተሉን በኮዱ አቀማመጥ አስተካክሉ።

ብቅ ባይ መስኮት ሲከፈት ፎከስ ወደ ውስጡ ይግባ፤ ሲዘጋም ወደ ከፈተው አዝራር ይመለስ። አለዚያ በስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር የሚጠቀም ማየት የተሳነው ሰው ያለበት ቦታ ይጠፋዋል።

ፎከስ ያረፈበትን ክፍል የሚከበውን መስመር ለውበት ሲባል ማጥፋትም ክፉ ልማድ ነው። መዳፊት መያዝ የማይችል ሰው የሚመራው በዚያ መስመር ነው። መልኩ ካላማራችሁ ቀለሙንና ውፍረቱን ቀይሩት።