ትሬስል ምንድን ነው? እንጨት መሆኑን ለጊዜው እንርሳው

አንድ ሰው የድሮ የባቡር ድልድይ ጎብኝተው እንደተመለሱ ፎቶግራፍ እያሳዩን፣ «ትሬስል የሚባለው ይኸው ነው፤ የእንጨት የባቡር ድልድይ ማለት ነው» ብለው አስረዱን። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ግን ትረስ የሚባለው ሌላ የድልድይ ዓይነት ነበር። ስማቸው ስለተቀራረበ ነገራቸውም አንድ መስሏቸዋል። ይህን ስሕተት ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

ትሬስልን ትሬስል የሚያሰኘው ጭነቱን ወደ መሬት የሚያወርድበት ዘዴ ነው። ረጅም ግንድ በትከሻ ተሸክመን ብንቆም፣ ሁለት ጉልበተኞች ጫፍና ጫፉን ሊይዙት ይችላሉ፤ ነገር ግን ግንዱ መሐል ላይ እንዳይጎብጥ ራሱ ብርቱ መሆን አለበት። በሦስት ማዕዘን እየተሳሰረ ርቀቱን በራሱ ብርታት የሚሻገረው ትረስ እንዲህ ነው። ሃያ ሰዎች ተጠጋግተው ቢሸከሙትስ? ያን ጊዜ ግንዱ ቀጭን ቢሆንም፣ እንዲያውም ከአጫጭር ቁርጥራጮች እየተቀጠለ የተሠራ ቢሆንም ይቆማል። ትሬስል ይህ ሰልፍ ነው። ተሸካሚዎቹ ከቋሚዎች የተዋቀሩ ክፈፎች ናቸው፤ ነፋስና የባቡር ውዝዋዜ እንዳይጥላቸው የዳር እግሮቻቸውን ከፈት አድርገው ይቆማሉ፣ በሰያፍ ጣውላም ይያያዛሉ። አንዱ ሲደክም ሌላ ይተካዋል፤ ሰልፉ አይፈርስም።

ታዲያ እንጨቱስ? በካናዳ ሌዝብሪጅ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1909 የተጠናቀቀው ድልድይ ከ1.6 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከፍታው 95 ሜትር ያህል ነው። ሁለመናው ብረት ሲሆን ትሬስልነቱ ግን አያጠያይቅም።

ሌላው የሚያናድደኝ «መቶ ዓመት የቆመ እንጨት» የሚለው አድናቆት ነው። የቆመው ሰልፉ ነው እንጂ ተሸካሚው ሁሉ አይደለም። በዚያው በካናዳ፣ በቫንኩቨር ደሴት ያለው የኪንሶል ትሬስል፣ 44 ሜትር ከፍታ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ተሠርቶ በ2011 ታድሶ ለእግረኛ ተከፈተ፤ ጎብኚው የሚዳስሰው እንጨት ሁሉ የ1920 ነው ማለት አይቻልም። እዚያው ካናዳ በማይራ ሸለቆ ደግሞ 12 የእንጨት ትሬስሎችን እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሣ የሰደድ እሳት ፈጅቷቸው እንደገና ተሠርተዋል።

ካነሣሁት አይቀር፣ የእንጨት ድልድይ መርማሪ ዓይኑን አያምንም። ቋሚው ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ በመዶሻ ሲመታ ድምፁ ያጋልጠዋል። ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ውስጥ ዘወትር የተጠመቀ እንጨት አየር ስለማያገኝ ብዙ ይቆያል፤ ቶሎ የሚበሰብሰው መሬት የሚነካበትና ውሃ የሚያቁርበት መጋጠሚያ ነው። ባቡር አሁንም የሚያልፍበት ድልድይ ከሆነ ደግሞ ለጎብኚ ከታች ሆኖ ማየት ይበቃዋል፤ ላዩ ላይ መሸሻ የለም።

ለባለ ፎቶግራፉ ሰው «እስቲ የድልድዩን እግሮች ይቁጠሩልኝ» አልኳቸው።

«ሁለት ናቸው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ግን ከእንጨት ነው እኮ!»