«ሴንተንስ ፕሮሰሲንግ» ሰዋስው ነው እንዴ?

ጥያቄው ስለተደጋገመ ላስረዳ። አይደለም። ስናነብ ወይም ስንሰማ አእምሯችን የዓረፍተ ነገሩን ትርጉም በቅጽበት የሚገጣጥምበት ሥራ ነው።

ይህን አንብቡ፦ «አበበ ዳቦውን የበላውን ልጅ ጠራው።»

«አበበ ዳቦውን» ላይ ስትደርሱ በላ፣ ቆረሰ ወይ ሸጠ ብላችሁ ጠብቃችኋል አይደል? «የበላውን ልጅ» ሲመጣ ግን የበላው ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ምስኪን አበበ ዳቦውን አልነካም! ተመራማሪዎች ከሚያጠኑት አንዱ ያቺ ትንሽ መደናቀፍ ናት፤ አንባቢው የት ላይ እንደዘገየ በሚሊሰከንድ ይለካል።

አእምሮ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ እጁን አጣጥፎ እንደማይጠብቅ የተረጋገጠ ነው። በሁለተኛ ቋንቋ ስናነብስ? እሱ እንደ ችሎታችንና እንደ አፍ መፍቻችን ይለያያል፤ የአሠራሩ ዓይነት ራሱ ይለያል ወይስ ፍጥነቱ ብቻ በሚለው ላይ ምሁራኑ ዛሬም ይከራከራሉ።