ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል

ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙ ሰው የሚያውቀው ከትዳር ወሬ ጋር ነው። በጥድፊያ ተጋብተው ዓመት ሳይሞላቸው የተለያዩ እንደሆነ ሽማግሌዎች "ምን ይደረግ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይላሉ። "እየሮጡ የታጠቁት" የሚሉም አሉ፤ ነገሩ ያው ነው።

መነሻው ወገብ ላይ ነው። ቀበቶ ሳይለመድ በፊት ልብስ የሚያዘው በጨርቅ ነበር፤ ሴቷ በመቀነት፣ ወንዱ በድግ። መቀነት ረጅም ስለሆነ ደህና አድርጎ ለመታጠቅ ቆም ማለትን ይጠይቃል። አንዱን ጫፍ ይዘው ወገብን ደጋግመው ይጠመጥማሉ፣ ሳብ አድርገው ያጠብቃሉ፣ የተረፈውን ከሥር ይሸጉጣሉ። ገንዘብም የሚቋጠረው እዚያው ጫፍ ላይ ነው። በሩጫ ላይ ያለ ሰው ግን ጨርቁን አንዴ አዙሮ ሸጎጥ ከማድረግ አያልፍም። ለጊዜው ይይዝለታል። የሚፈታበት ቁጭ ባለበት ሳይሆን ዳግም መሮጥ ሲኖርበት ነው። አባባሉን የምወደውም ለዚህ ነው። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" የሚለው ጉዳቱን ወዲያው ያሳያል። ይሄኛው ጉዳቱ ቆይቶ፣ በጭንቅ ሰዓት እንደሚመጣ ይናገራል።

በሶፍትዌር ሥራ ውስጥ ለዚህ አባባል እንደ "ዶከር ኮሚት" የሚስማማ ነገር አላየሁም። ዶከር በ2013 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበ መሣሪያ ነው። አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጎ ኢሜጅ ያደርገዋል፤ ከኢሜጁ ተነስቶ የሚሠራው ኮንቴይነር ይባላል። ኢሜጁ ራሱ አይነካም። ኮንቴይነሩ ውስጥ የምንቀይረው ሁሉ ከላይ በተደረበ አንድ ንብርብር ላይ ያርፋል። ኮሚት ያንን ንብርብር ወስዶ አዲስ ኢሜጅ ይሠራል።

ለምሳሌ ከኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ስርዓተ ክወና ነው) ኢሜጅ አንድ ኮንቴይነር ያስነሱና ባሽ የተባለውን የትእዛዝ መጻፊያ ይከፍታሉ። አፕት በተባለው የፕሮግራም መጫኛ ኩርልን (ከኢንተርኔት ፋይል ማውረጃ ነው) ይጭናሉ፣ አንድ ሁለት የማዋቀሪያ ፋይል ያስተካክላሉ። ከሌላ ተርሚናል "ዶከር ኮሚት" ብለው የኮንቴይነሩንና የአዲሱን ኢሜጅ ስም ይጽፋሉ። አለቀ። ደግሞ ይሠራል። ዶከር ራሱ እንኳ፣ ካልከለከሉት በቀር፣ ቀድቶ እስኪጨርስ ኮንቴይነሩን ባለበት ያቆመዋል፤ በመጻፍ ላይ ያለ ፋይል ተበላሽቶ እንዳይቀዳ። መሣሪያው ቆሞ ነው የሚታጠቀው።

ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ኡቡንቱ ላይ የደህንነት ቀዳዳ ይገኝና "ኢሜጁ በታደሰው ኡቡንቱ ላይ እንደገና ይሠራ" ይባላል፣ ያውም ዛሬውኑ። ምን ምን ነበር የተጫነው? የትኛው ፋይል ተነካ? "ዶከር ሂስትሪ" ለዚያ ሁሉ ሥራ የሚያሳየው አንድ መስመር ነው፤ "ባሽ" ይላል። "ዶከር ዲፍ" የተጨመረውን፣ የተቀየረውንና የተሰረዘውን ፋይል ይዘረዝራል፤ ግን ኮንቴይነሩ ካልተወገደ ነው። የሠራው ልጅ መሥሪያ ቤት ቀይሮ ከሆነ ደግሞ መድኃኔዓለም ይርዳችሁ።

ሌላም አለ። በቮልዩም ላይ፣ ማለትም ከኮንቴይነሩ ንብርብር ውጭ በተለየ ማከማቻ ላይ፣ ያለ ዳታ ኮሚት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የዳታቤዝ ኮንቴይነርን ኮሚት አድርጎ "ባክአፕ ያዝኩ" ብሎ የተኛ ሰው፣ ዳታው ሲጠፋ ያንን ኢሜጅ ቢያስነሳ የሚያገኘው ነገር የለም። በአንጻሩ የማይፈለገው ሰተት ብሎ ይገባል፤ የአፕት ትርፍራፊ፣ ባሽ ላይ የተጻፉ ትእዛዞች ታሪክ፣ ፋይል ላይ የተረሳ የይለፍ ቃል። የይለፍ ቃሉን በሚቀጥለው ኮሚት ቢሰርዙት እንኳ ከላይ ይሸፈናል እንጂ ከታችኛው ንብርብር አይወጣም። ኢሜጁን ያገኘ ሰው ፈልፍሎ ያወጣዋል።

ቆሞ መታጠቅ ዶከርፋይል፣ ማለትም ኢሜጁ የሚሠራባቸውን ትእዛዞች በተራ የያዘ ፋይል፣ መጻፍ ነው። "ፍሮም" ብሎ መነሻውን፣ "ራን" ብሎ የሚጫነውን፣ "ኮፒ" ብሎ የሚገባውን ፋይል በየመስመሩ ማስቀመጥ። ቀዳዳ በተገኘ ቀን መነሻውን አድሶ "ዶከር ቢልድ" ማለት ብቻ ይቀራል። አዲስ የገባ ባልደረባም ማንንም ሳይጠይቅ አንብቦ ይረዳዋል።

እንዲህም ሆኖ ኮሚትን ጣሉት አልልም። ሰርቨር ተሰብሮ ገብተውበት ከሆነና ኮንቴይነሩ መወገዱ ካልቀረ፣ መጀመሪያ ኮሚት አድርጎ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ሰርጎ ገቡ የቀየራቸው ፋይሎች ለምርመራ ይቀመጣሉ። በሚሞሪ ላይ የነበረው ግን አብሮ አይቀዳምና፣ እሱን ኮንቴይነሩ ሳይጠፋ ለብቻው መያዝ ያስፈልጋል።